ብሩታዊት ከዛፉ ስትወርድ

እሑድ ቅዳሴ ላይ የ14 ዓመት ልጄ ዓይኗን ከአንድ ሥዕል ላይ መንቀል አቃታት። እዚህ ሜሪላንድ በምንሳለምበት ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፤ ነጭ ፈረሱ፣ ረጅም ጦሩ፣ ከፈረሱ እግር ሥር የሚጠማዘዘው ዘንዶ። ከጎን ዛፍ አለ። ዛፉ ላይ ብሩታዊት ቅርንጫፉን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በእነዚያ ትልልቅ ዓይኖቿ እያየች ተቀምጣለች። ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "እማ፣ ልጅቷ ለምን አትወርድም?" አለችኝ።

ያንን ሥዕል ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሳየው ኖሬአለሁ። እንዲህ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ታሪኩን ነገርኳት። የቤሩት ሰዎች ለዘንዶው ልጆቻቸውን ይገብሩለት ነበር፤ የማን ልጅ እንደምትሄድ የሚለየው በዕጣ ነው፤ አንድ ቀን ዕጣው በንጉሡ ልጅ ላይ ወጣ። "ዕጣ" ስል አላስጨረሰችኝም፤ "እንደ ሀንገር ጌምስ!" አለች።

መጽሐፉን ለማታውቁ ወላጆች፣ ሱዛን ኮሊንስ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው ነው። በየዓመቱ ከ12 ወረዳዎች አንዳንድ ወንድና ሴት ልጅ በዕጣ እየተለዩ፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያያቸው እስከ ሞት ይዋጋሉ። ዕጣው በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ ይወጣል። ታላቅ እኅቷ ሰዉን ጥሳ ትወጣና በእሷ ፈንታ እኔ ልሂድ ትላለች። ዕጣው የታናሽየዋ ነበር፤ ፈንታው የታላቅየዋ ሆነ። እኛ "ዕጣ ፈንታ" ብለን አንድ ላይ የምንጠራውን ቃል ልጅቷ ለሁለት ከፈለችው። ይህን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ማታ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተረኛ ሆኜ ቁጭ ባልኩበት ነው።

ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ቦርሳ ሙሉ መጽሐፍ ትሸከማለች። ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ አለች፤ ሰይፍ የያዘች ወይም ቀስት የወደረች። ምን እያነበበች እንደሆነ ማወቅ ስላለብኝ በሌሊት ፈረቃዬ እያነበብኩ ተከተልኳት። አብዛኞቹ በትንቢት ይጀምራሉ። ልጅቷ ስትወለድ ምልክት አለባት፣ ወይም ደሟ የተለየ ነው፣ ወይም አንዲት አሮጊት አስቀድማ ስለ እሷ ተናግራለች። ከዚያ 400 ገጽ ሙሉ ልጅቷ ከዚያ ትንቢት ጋር ትታገላለች። የናይጄሪያ ስደተኞች ልጆችም ገብተውበታል፤ ቶሚ አዴዬሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ የዮሩባን አማልክት ይዛ መጥታለች። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። አንድ ነገር ግን እንደ እናት አሞኛል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እናት ብዙ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ሞታለች። ጀግና ለመሆን እናት አልባ መሆን ያለባት ይመስላል። ልጄ እዚህ አገር በየቀኑ "ምርጫሽ ነው" እየተባለች ነው የምታድገው፤ መጽሐፎቿ ደግሞ ስትመርጪ ብቻሽን ነሽ ይሏታል።

እኔ ያደግሁት በሌላ ቃል ነው። አያቴ ሰው ሲሞትም፣ ትዳር ሲፈርስም፣ ወተት ሲገነፍልም "የአርባ ቀን ዕድል ነው" ትል ነበር። ይህንን ለልጄ ስነግራት ጣቷን እየቆጠረች አሰበች። "ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሡት ብለሽኝ አልነበር? ታዲያ እኔ በ40 ቀኔ የክርስትና ስም እንኳ የለኝም። ማን ብለው ጻፉልኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ቤተ ክርስቲያናችንም ዕድልሽ ተጽፎ አልቋል ብላ አታስተምርም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ በፊትህ ተቀምጧል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። ቄሱ ሲሰብኩት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ቤት ስንገባ ግን የምንናገረው የአያቴን ቃል ነው።

እኔ ራሴ አሜሪካ የገባሁት በዕጣ ነው፤ ዲቪ ደርሶኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ዕጣ ወጣላት" ብሎ እልል አለ። ብሩታዊትን "ዕጣ ወጣባት" እንላታለን። በ"ላት" እና በ"ባት" መካከል ያለው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ሁለታችንንም ግን ማንም አልጠየቀንም። ፎርሙን የሞላልኝ ወንድሜ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳት። አዳራሹ በወጣት ሞልቷል፤ ሁሉም የፈተና ደብተሩ ላይ አጎንብሷል። አብራን የመጣችው የ16 ዓመት የእኅቴ ልጅ ስለ እቴጌ ጣይቱ ስትጠየቅ እንደ ውኃ አንበለበለችው፤ በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ምሽግ የገባውን የጣሊያን ጦር የውኃውን ምንጭ አስይዘው በጥም እጁን አሰጡት። ከበደች ሥዩምንም ታውቃለች፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ባለቤታቸውን ደጃዝማች አበራ ካሣን ፍቼ ላይ ሲገድልባቸው ጦር እየመሩ የዘመቱትን። ልጄ ግን ሌላ ነገር ፈለገች። "ውኃውን እንያዝ ያሉ ጊዜ ፈርተው ነበር?" አለቻት። የእኅቴ ልጅ ዝም አለች። "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" አለች በመጨረሻ፤ ከዚያ ሁለቱም ስለዚያ ሌሊት መገመት ጀመሩ፤ ብርዱን፣ የፋኖሱን ብርሃን፣ እቴጌይቱ ማንን እንዳማከሩ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሰማኋቸው። በአማርኛ ለእነሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደ ልብ ቢገኝ ኖሮ ብዬ ሆዴ ተላወሰ።

ብሩታዊት ማለት የቤሩቷ ማለት ነው። እኛ አገር ቤሩት ሲባል ግን ዛሬ ማንም ዘንዶውን አያስብም። የአጎቴ ልጅ "ዕድሌን ልሞክር" ብላ ነው የሄደችው። ይህ ቃላችን ያስገርመኛል፤ ዕድል ከተጻፈ ምኑ ይሞከራል? መንግሥት ወደ ሊባኖስ የቤት ሠራተኛ እንዳይሄድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከልክሎ ነበር፤ ደላላ ግን መንገድ አያጣም። እዚያ ካፋላ የሚሉት ሥርዓት የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስራል፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሲሄዱ ዓለም በስልኩ አይቷል። ያን ጊዜ ምግብና መጠለያ ይዘው ከደረሱላቸው መካከል ራሳቸው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 "እኛ ለእኛ በስደት" ብለው የተደራጁ። ፈረስ የለም፣ ጦር የለም። ስልክና ሩዝ ነው የነበራቸው።

በአውሮፓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ ውስጥ ልጅቷ ቆስሎ የተዳከመውን ዘንዶ አንገቱን በመታጠቂያዋ አስራ እየጎተተች ወደ ከተማ ትገባለች። ይህንን ለልጄ ስነግራት "እኔ ብሆን በመቀነቴ ነበር!" አለች።

የአጎቴ ልጅ አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ቡና ትሸጣለች። ልንጠይቃት ሄድን። ልጄ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ፊት ለፊት ጠየቀቻት፤ "የሄድሽው ዕድልሽ ሆኖ ነው ወይስ መርጠሽ?" ደነገጥኩ። እሷ ግን አልከፋትም። ከሰሉን እያራገበች ቆየችና፣ "ስሄድ ዕድሌ ነው ብዬ ነው፤ የወጣሁት ግን እኔ ነኝ" አለቻት። ፓስፖርቷ በተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ደመወዝ ካየች 11 ወር ሆኗታል። አንድ ንጋት የቆሻሻውን ፌስታል አንጠልጥላ፣ በነጠላ ጫማ፣ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ወረደች። ፌስታሉን ጥላ አልተመለሰችም። የያዘችው አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር፤ በሻሿ ጫፍ ቋጥራዋለች።

"የማን ቁጥር?" አለች ልጄ።

"ከእኔ በፊት የወረደች ልጅ" አለቻትና በረካውን ቀዳች።