አባቴ ውሃ ዳር ቤት ነበረው

ሚኒሶታ የመኪና ታርጋው ሳይቀር «10,000 ሐይቆች» ይላል። እዚህ ውሃ ዳር ቤት ያለው ሰው ሀብታም ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አባቴ ውሃ ዳር ይኖር እንደነበር ስነግራት «ታዲያ የሀብታም ልጅ ነሃ!» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። የአባቴ ቤት አቃቂ ወንዝ ዳር ያለች ጭቃ ቤት ነበረች። እዚያ የገባው ቦታው ርካሽ ስለነበር ነው። ሽታውና ትንኙ ምርቃት።

እናትና አባቴ ሲለያዩ 9 ዓመቴ ነበር። እዚህ ቢሆን ዳኛ ወረቀት ይጽፋል፤ ልጁ አርብ ማታ 12 ሰዓት ይሄዳል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። አንድ ጓደኛዬ ልጁን 20 ደቂቃ አዘግይቶ ስለመለሰ ከጠበቃ ደብዳቤ መጥቶበታል። የኛ ወረቀት እናቴ ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ታበጥርና ዳቦ በፌስታል አስይዛ «ሂድ፣ አባትህን ጠይቅ» ትለኛለች። በጣም በተቀየመችው ሰሞን እንኳ አላስቀረችኝም።

አባቴ የወንዙን ውሃ በሞተር እየሳበ ሰላጣና ቆስጣ ያለማል። እሁድ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይዞኝ ይወርዳል። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የሚገቡት እዚያ ነው። በበጋ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ባለረጃጅም እግር ወፎች ሜዳውን ይሞሉታል። «የአገራችን የመጀመሪያው ትልቅ የውሃ መብራት የወጣው ከዚህ ነው» እያለ ይኮራል። ማታ ግን የምንቀመጠው በኩራዝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው እጄን ሲያስታጥበኝ ነው። የቦኖ ውሃ በቢጫ ጀሪካን አለ። እሱን በጣሳ እየቆጠበ ያፈስልኛል። ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ጭቃ በሰበዝ ያወጣል። «የወንዙን ውሃ አፍህ እንዳታስጠጋ፣ ሰማህ?» ከላይ ከከተማው የቆዳ ፋብሪካውም የሽንት ቤቱም ፍሳሽ እንደሚወርድ ያውቃላ። ሰላጣው ለገበያ ይጫናል። እኔ የምበላው ጓሮ በቦኖ ውሃ ያደገውን ጎመን ነው። እዚህ ላይ ለአባቴ ጥብቅና አልቆምም። ያንን ሰላጣ የበላ የሌላ ሰው ልጅ አለ።

እዚህ በጋ ላይ ሐይቁ ሲበከል ሰሌዳ ይተከላል፦ «መዋኘት ክልክል ነው»። ሰዉ አንብቦ፣ ልጆቹን መኪና ውስጥ መልሶ ይሄዳል። የሚቆጣም የሚያስረዳም አያስፈልግም። ሰሌዳው የሁሉም ልጅ አባት ነው። እኛ ጋ ማስጠንቀቂያው አባትህ ራሱ ነው፤ አባት የሌለው ይዋኛል።

አባቴ ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። ቀብሩ አለፈኝ። ለሙት ዓመቱ ነው የደረስኩት። ቤቷ የለችም፤ በቦታዋ የብሎኬት አጥር ቆሟል። ወንዙ ጠቁሯል። ሁለት ልጆች ከነቁምጣቸው ገብተው ይንቦጫረቃሉ።

«ውጡ! አፋችሁ እንዳይገባ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፁ የኔ አልመሰለኝም፤ የሱ ነው።

ትልቁ ልጅ ቆመና ጫማዬን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ የማን እንግዳ ነዎት?»