ገዳዩን ከመጀመሪያው አውቄው ነበር!

«ከአጋታ ክሪስቲ መጻሕፍት መናኛው የትኛው ነው?» የምትለዋን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀውን ሰው ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ በሕይወት ካለም ዕድሜውን ያርዝምልን። ይህች ጥያቄ ባትኖር ስንቱ አዋቂ ተደብቆ ይቀር ነበር! «ምርጡ የትኛው ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ምን ክብር ያገኛል? ደሴቲቱ ላይ ስለተሰበሰቡት አሥር ሰዎች ያወራል፣ በረዶ መንገድ ላይ ስላስቀረው ባቡር ያወራል፣ በቃ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ያለውን ደግሞ ይቀመጣል። መናኛውን የሚጠራው ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዞ፣ «እኔ እንኳን...» ብሎ ሲጀምር ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ ይላል። መውደድማ ማንም ይወዳል።

ወይዘሮ አጋታ 66 ረጃጅም የወንጀል ልብ ወለዶች ጽፈዋል። የመጀመሪያው የታተመው በ1920 ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። አንድ የዋህ ተነሥቶ «ከ66ቱ መናኛውን ለመምረጥ 66ቱንም ማንበብ አያስፈልግም ወይ?» ሊል ይችላል። አያስፈልግም። ወጡ ጨው እንደበዛበት ለማወቅ ድስቱን መጨረስ ያለበት ማን ነው? ፈራጆቻችን ስድስቱን አንብበው፣ ሦስቱን በፊልም አይተው፣ የቀሩትን በሽፋናቸው ይዳኛሉ። ጊዜ የሚቆጥብ ዳኛ እንዲህ ነው።

የችሎታቸው ምስጢር ሕጉ ላይ ነው። ሁለት አንቀጽ ብቻ ስላለው ለተራ ሰውም አይከብድም። አንቀጽ አንድ፦ ገዳዩን ካወቅሁት መጽሐፉ ቀሽም ነው። አንቀጽ ሁለት፦ ገዳዩን ካላወቅሁት ደራሲዋ አጭበርብረዋል። ሦስተኛ አንቀጽ የለም። ወይዘሮ አጋታ በየት በኩል ቢሄዱ ማምለጫ አልተተወላቸውም።

አንቀጽ ሁለት የቆየ ነው። በ1926 «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» ታትሞ ገዳዩ ማን እንደሆነ ሲታወቅ፣ «ይህማ ጨዋታ አይደለም፣ ማታለል ነው» ብለው የጮኹ ነበሩ። ፍንጮቹ እዚያው ገጹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተመልሶ ያነበበ አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ግን ተመልሶ ማንበብ የፈራጅ ሥራ አይደለም፤ የተሸነፈ ሰው ሥራ ነው።

አንቀጽ አንድ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያየሁት ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ የባለታሪኮቹ ስም ዝርዝር ያለበት የኪስ እትም አውሼው ነበር። በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገልኝና «ምን እንዲህ ያለ የልጅ ማታለያ ታነባለህ? ገና ሃያኛው ገጽ ላይ አውቄዋለሁ» አለኝ። ዝርዝሩን ገልጦ አሳየኝ። እውነትም የገዳዩ ስም በእርሳስ ተከብቧል። አደነቅሁት። ማታ ቤቴ ገብቼ ገጹን ወደ አምፖሉ ሳስጠጋው ግን የቀሩትም ስሞች ዙሪያ ወረቀቱ ሳስቷል፤ ክብ ክብ የላጲስ ጥላ ይታያል። አሥራ አንዱንም ጠርጥሯል። ዶክተሩን ደጋግሞ ሳይጠረጥራቸው አልቀረም፤ እሳቸው ጋ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ሟቹን እንኳ አልማራቸውም። መጨረሻ ላይ አንዱን ክብ አስቀርቶ አሥሩን ፈገፈገ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ምቀኞች ይኖራሉ። እኔ ግን ሁሉንም የጠረጠረ ሰው ተሳስቷል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ፣ በጆሯችሁ ልንገራችሁ። ራሱ የመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ የነበረው አሜሪካዊው ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 ባሳተመው መጣጥፍ ያንን በረዶ ያስቀረውን ባቡር ታሪክ፣ የኦሪየንት ኤክስፕረሱን ግድያ፣ አብጠልጥሎታል። ስድቡ አንጀት ያርሳል፦ መፍትሔው ስለታም አእምሮ ያለውን ሰው ያዞራል፤ ሊገምተው የሚችለው ጅል ብቻ ነው። ስለዚህ «ባቡሩ ገና ከኢስታንቡል ሳይነሳ አውቄው ነበር» ለሚሉን ወዳጆቻችን ይህን ማንበብ ነውር ነው። አላነብላቸውም።

የፈራጆቻችን ማኅበር የራሱ አባትም አለው። ኤድመንድ ዊልሰን ይባላል፤ የኒውዮርከር መጽሔት ሐያሲ፣ የተፈራ ብዕር። በዚያው በ1944 «ሰው ለምን የመርማሪ ታሪክ ያነባል?» ብሎ ሊመረምር ተነሳና ከወይዘሮ አጋታ ሥራዎች አዲስ የወጣውን አንዱን አነሳ። ዕድል ጥሎት በእጁ የገባው ከ66ቱ ውስጥ ታሪኩ በጥንታዊት ግብጽ የሚፈጸመው ብቸኛው ነው። ታዋቂዎቹ መርማሪዎቻቸው፣ ፖዋሮ የለበት፣ ሚስ ማርፕል የለችበት፣ ባቡር የለ፣ የገጠር ቄስ ቤት የለ፤ የዛሬ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ዓባይ ዳር የሚገዳደል አንድ ቤተሰብ ነው ያለው። አነበበው፤ ሁለተኛ የእሳቸውን መጽሐፍ እንዳያነብ ተስፋ አድርጎ ዘጋው። አንባቢዎች ተቆጥተው ደብዳቤ ቢያጎርፉለት፣ በጥር 1945 «ሮጀር አክሮይድን ማን ቢገድለው ማን ግድ አለው?» የሚል ሌላ መጣጥፍ ጨመረላቸው። የዛሬዎቹ ፈራጆች በስድስት መጽሐፍ መፍረዳቸውን የሚነቅፍ ካለ አባታቸውን ይመልከት። ልጆቹ እንዲያውም አብዝተዋል።

ትጋታቸውንም ሳላነሳ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። እንግሊዝና አሜሪካ ያሉት አሳታሚዎች የወይዘሮ አጋታን ብዙ መጻሕፍት በተለያየ ርዕስ እንደሚያወጡ ይታወቃል። በ1933 ለንደን ላይ «ሎርድ ኤጅዌር ሞቱ» ተብሎ የወጣው አሜሪካ ሲደርስ «አሥራ ሦስት ሰው በእራት ገበታ» ሆነ። አንድ ወዳጄ የጠላቸውን አሥር መጻሕፍት ጽፎ ሲያሳየኝ የሎርዱ ሞት አራተኛ ነው፤ እራቱ ሰባተኛ። «ምን ለያቸው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እራቱ ላይ አጻጻፏ ተሻሽሏል» አለኝ። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ለመጥላት የሚበቃ ጉልበት ለእኔ ቢጤው ከየት ይመጣል?

የሚያስቀናኝ ግን ድፍረታቸው ነው። «ማንም የማይደፍረውን ልናገርና፣ የሰማያዊው ባቡር ምስጢር ደካማ መጽሐፍ ነው!» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። ያንን መጽሐፍ ከወይዘሮ አጋታ አብልጦ የጠላው ሰው አልተፈጠረም። በ1926 እናታቸው ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ባላቸው ሌላ ሴት ወድጃለሁ፣ እንፋታ አላቸው። በታኅሣሥ መኪናቸውን ጥለው ለ11 ቀን ጠፉ፤ አገር ምድሩ ሲፈልጋቸው ሰንብቶ ሃሮጌት ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያስፈልጋልና ልጃቸውንና ጸሐፊያቸውን ይዘው ካናሪ ደሴቶች ሄዱ፤ በየቀኑ እየተናነቃቸው መጽሐፉን ጨረሱት። ከሞቱ በኋላ በ1977 በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ላይ መጽሐፉን ወደውት እንደማያውቁ ጽፈዋል። ባለሙያ የሆንኩት ያኔ ነው፣ መጻፍ ሳልፈልግና የምጽፈው ሳያስደስተኝ ስጽፍ፣ ይላሉ። እኔ እንዲያውም ያን መጽሐፍ ከነጉድለቱ የምወደው ለዚህ ነው፤ ደስ ሳይለው ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ የዚያ ባቡር ተሳፋሪ ነው።

ከእሱ ቀድሞ በ1927 የወጣው «አራቱ ኃያላን»ም እንዲሁ የችግር ቀን ልጅ ነው። ወይዘሮዋ አዲስ ነገር መጻፍ ባቃታቸው ሰዓት የባላቸው ወንድም ረድቷቸው ከሦስት ዓመት በፊት መጽሔት ላይ የወጡ 12 አጫጭር ታሪኮች ተሰፍተው ልብ ወለድ ተባሉ። «ቁርጥራጭ ይመስላል» የሚል ፈራጅ ስታገኙ አጨብጭቡለት። ቁርጥራጭ ነው።

«ፖዋሮ ይሰለቻል» የሚሉትም አሉ። እሱንም ደራሲዋ ቀድመዋቸዋል። ልብ ወለዶቻቸው ውስጥ አሪያድኒ ኦሊቨር የምትባል ደራሲ አለች፤ ፊንላንዳዊ መርማሪ ፈጥራ እስክትጠላው የተማረረች ሴት ናት። ማን ማንን እንደሚወክል ለማወቅ ፖዋሮ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ትልቁ ጀግንነት ልምጣ። የመናኛ መጻሕፍት ዝርዝር በወጣ ቁጥር ጫፉን የሚይዙት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ። «የፍራንክፈርት መንገደኛ» በ1970 የ80ኛ ዓመት ልደታቸውን ጠብቆ ወጣ። ኤርፖርት ላይ አንዲት ሴት የማታውቀውን ዲፕሎማት ካባህንና ፓስፖርትህን ስጠኝ ትለዋለች። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው፤ እኔም ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በኋላ የዓለም ወጣት ሁሉ ያምጻል፣ የሂትለር ልጅ ነው የሚባል ጎረምሳ ብቅ ይላል፣ ሽማግሌዎች ክፍል ዘግተው ስለ ዘመኑ ክፋት ሲያወሩ ይመሻል። ለዚህ መጽሐፍ ጠበቃ ብታቆሙለት ጠበቃው ራሱ ከከሳሽ ወገን ይዞር ነበር።

በ1973 «የዕጣ ፈንታ የጓሮ በር» ተከተለ፤ ወይዘሮዋ 83 ዓመታቸው፣ የጻፉትም የመጨረሻ ልብ ወለድ። በ1922 ለጀብዱ ሲሯሯጡ የተዋወቅናቸው ቶሚና ተፐንስ አርጅተው አሮጌ ቤት ገዝተዋል። ተፐንስ ከቤቱ ጋር የመጣ አሮጌ የልጆች መጽሐፍ ስታገላብጥ አንዳንድ ፊደላት ሥር ተሰምሮ ታገኛለች። ፊደላቱ ሲገጣጠሙ «ሜሪ ጆርዳን በተፈጥሮ ሞት አልሞተችም፤ ከመካከላችን አንዱ ነው» ይላሉ። ፀጉር የሚያቆም መነሻ! ቀጥሎ ግን ሰዎቹ ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ እንደ አዲስ ይጠይቃሉ፣ የተባለው ይደገማል፣ ሃኒባል የሚባለው ውሻቸው ከተጠርጣሪዎቹ በላይ ገጽ ይይዛል።

በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወይዘሮ አጋታን መጻሕፍት በኮምፒውተር ቃል በቃል ቆጥረው ነበር። በ1972 የወጣው «ዝሆኖች አይረሱም» ውስጥ ያሉት የተለያዩ ቃላት ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከጻፉት ጋር ሲወዳደሩ በ30 በመቶ ያህል አንሰዋል። አንዱ ሐረግ ይመላለሳል፤ ነገሩ ስሙ ሲጠፋ «ነገር» እየተባለ ይታለፋል። በሕይወት ሳሉ በሐኪም የተነገረ ነገር የለም፤ ተመራማሪዎቹ ግን አልዛይመር የሚባለውን የመርሳት በሽታ ጠረጠሩ። የማስታወስ ነገር በርዕሱ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ቃል እየከዳቸው በመጡ አሮጊት እጅ። ታዲያ ፈራጆቻችንን እንዴት አላመሰግን? ኮምፒውተር ሳያስፈልጋቸው፣ ያለ ምርምር በጀት፣ የሰማንያ ዓመት ሴት ቃል ስትስት ከሁሉ ቀድመው አይተው «ደክማለች፣ ወደ ቁጥር አንድ!» አሉ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር። አያታቸው ያንኑ ተረት ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምርባቸውም ኮከብ እየሰጡ እንደሆነ አላውቅም።

እኔም ከማኅበሩ ውጭ አይደለሁም፤ ሐሜት እንዳይመስልብኝ ልናዘዝ። የሰማያዊውን ባቡር ቅጂ የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ነው። ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። ልጁ ገና ሳልከራከረው ዋጋውን ቀነሰልኝ፤ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። ሌሊቱን ተቀምጬ አነበብኩት። ፖዋሮ ነገሩን ሊያስረዳ ገና አፉን ሲከፍት ገጹ አለቀ። ቀጥሎ ያለው ባዶ የጀርባ ሽፋን ነው፤ መሃሉ ላይ የቡና ብርጭቆ ክብ አርፎበታል።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እነሆ ለዓመታት በየተቀመጥኩበት «መጨረሻው ተቻኩሏል፣ ድንገት ነው የሚቆመው» እያልኩ ስፈርድበት ኖሬአለሁ። የተቃወመኝ ሰው አላጋጠመኝም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። በቀደም ግን የእህቴ ልጅ ሻዩን እየቀዳችልኝ፣ ዓይኗን ከበራዱ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ገዳዩ ማን ሆኖ ተገኘ?» አለችኝ።

ብርጭቆዬን በሁለት ጣት ያዝ አደረግሁና ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ።

«ላላነበቡት ሰዎች ስል» አልኳት፣ «አልናገርም።»