ይድረስ ለክቡር ፌስታል

በሬሳ ወንዝ ዳር
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ መንግሥታት ለዓለም አካባቢ ጥበቃ ያዋጡትን እንዲለኩልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ቅዳሜ ከጉሊት በገዛሁት ሽንኩርት ላይ በምርቃት መልክ ተጨምረው ቤቴ የገቡት እርስዎ፣ ሽንኩርቱ ገና ሳይቁላላ የከተማችን ነፋስ ነጥቆዎት ከጎረቤቴ የባሕር ዛፍ አጥር ላይ ሲውለበለቡ ስላገኘሁዎት ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቀጫጭን ዘመዶችዎ ላይ ክልከላ መጣሉን ሰምተው ይሆናል፤ ከአጥሩ ላይ ሲታዩ ግን ጤናዎ የሚያሳስብ አይደለም።

መንግሥታቱ እንዴት እንደሚለኩ ላስረዳዎ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቀው የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት እያንዳንዱ አገር በየአምስት ዓመቱ የሚያቀርበውን የጭስ ቅነሳ ዕቅድ መጠን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ያለውን ባይፈጽምም የሚከፍለው መቀጫ የለም። የሠፈራችን እድር እንኳ ከቀብር የቀረን አባል ይቀጣል። በዓለም አቀፍ በረራና በመርከብ ጉዞ የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ ለብቻው ይመዘገባል እንጂ በየትኛውም አገር ድምር ውስጥ ስለማይገባ፣ ጭሱ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ሰማይ ላይ ይንከራተታል።

ገንዘቡን ላንሣልዎ፤ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ ለድሃ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ የሚሰጡትን እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገብተው፣ በራሳቸው ቆጠራ መሠረት እንኳ የደረሱበት በ2022 ነው፤ በዚህ ቆጠራ ውስጥም ከነወለዱ የሚመለሰው ብድር እንዳለ በሙሉ ዋጋው ተደምሯል። ጎረቤቴ በለቅሶዬ ቀን 500 ብር አበድሮኝ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ «አዋጣሁ» ብሎ ቢያስጽፍ ዳኛው ምን እንደሚሉት እናውቃለን።

በአንጻሩ የመንዝ ገበሬዎች የጓሳን ሣር በየዘመኑ ለዓመታት ዘግተው እየጠበቁ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለዛሬ አድርሰዋል፤ ይህንን የሚሞሉበት ዓምድ ግን በመንግሥታቱ የሪፖርት ቅጽ ላይ አላየሁም።

የእርስዎን ጉዳይ በሚመለከትም እ.ኤ.አ. በ2022 ናይሮቢ ላይ ስለ ፕላስቲክ ብክለት ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲዘጋጅ ተወስኖ፣ በ2024 ቡሳን ላይ ሳይቋጭ ቀረ፤ በ2025 ጄኔቫ ላይም እንዲሁ። እርስዎ በእነዚህ ዓመታት አንድም ስብሰባ ሳይሳተፉ፣ አንድም ሪፖርት ሳያቀርቡ፣ በአጥራችን ላይ ያለዎትን ውክልና አሳድገዋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ መለኪያ ሆነው እንዲሾሙ አመለክታለሁ። በየቅዳሜው አጥሩ ላይ ወጥቼ እቆጥርዎታለሁ፤ የእርስዎ ቁጥር እንደሌሎቹ በተስፋ አይሞላም፣ በብድርም አይታበይም። ሹመቱን የማይቀበሉ ከሆነ ነፋሱ ሳይነሣ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ከማይበሰብስ አክብሮት ጋር
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለበሬሳ ወንዝ
አምና ከሆዷ ሦስት ዘመዶችዎ ለወጡላት የጎረቤቴ በግ፣ ባለችበት