የሁለቱ ኬላዎች ውዳሴ

ደሴ የምትመሰገንበት ነገር ብዙ ነው። ጦሳ አለ፣ ጭጋጉ አለ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ አስበልጬ የማደንቀውና ተገቢውን ክብር ሳያገኝ ቀረ ብዬ የምቆጭለት ነገር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለዓመታት ሳይተዋወቁ የኖሩ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ ነው። ኬብል መዘርጋት እንጀራዬ ስለሆነ ግቢውን ከነጓዳው አውቀዋለሁ። ስሙን የማልጠራው ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች «እኛስ በዚህ ጥበብ ከማን እናንሳለን?» ብለው እንዳይቀየሙኝ ነው።

በግቢው በስተቀኝ አንደኛው ቢሮ፣ በስተግራ ሁለተኛው ቢሮ፣ በመካከላቸው አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍና ክረምት በገባ ቁጥር የሚያዳልጥ የ30 እርምጃ መንገድ አለ። ሁለቱም የየራሳቸው የኢንተርኔት መስመር፣ የየራሳቸው ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያያይዝ ሳጥን)፣ የየራሳቸው ሰርቨር (የቢሮው መረጃ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የየራሳቸው ፋየርዎል አላቸው። ፋየርዎል ማለት በኔትወርክ በር ላይ የቆመ ኬላ ነው፤ ማን ከየት መጣ፣ ወዴት ያልፋል፣ ምን ይዟል ብሎ ይፈትሻል። የእኛዎቹ ኬላዎች ግን ከተራ ኬላ የላቁ ናቸው። ሠራተኛው በሥራ ሰዓት የሚከፍተውን ቪዲዮ ከዓለም ዳርቻ ተቀብለው በወጉ ሲያሳልፉ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ የሚመጣውን የጎረቤት መረጃ ግን በዓይናቸውም አያዩትም። ባዕድን ተቀብሎ ጎረቤትን መመለስ እንዲህ በብልሃት ሲከናወን በሌላ ቦታ አላየሁም።

የዚህን አሠራር ጥቅም ቁልጭ አድርገው ያሳዩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ኬብል በማሳልፍበት ዕለት፣ ሐጂ ውዝፍ ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ ክሊራንስ ለማውጣት መጡ። የከፈሉበት መረጃ በቀኙ ቢሮ ሰርቨር ውስጥ አለ፤ ወረቀቱን የሚሰጠው የግራው ቢሮ ነው። «ሐጂ፣ ከጎን ቢሮ ያስጽፉና ይምጡ» ተባሉ፤ ሄዱ። አጽፈው ሲመለሱ «ሐጂ፣ ደብዳቤው ቁጥር አልተሰጠውም» ተባሉ፤ ተመለሱ። ቁጥር አሰጥተው ሲመጡ ቲተሩ በማህተሙ ላይ ስላረፈ አይነበብም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሲስተም የለም ተባለ። ስድስት ጊዜ ሲያልፉ ቆጠርኩ። በስድስተኛው ላይ መሰላሉ ሥር ቆም ብለው ወደ ላይ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ የምትዘረጋው ገመድ ከዚያ ቤት አይደርስም?»

«ይደርሳል ሐጂ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለችግር ይሠራል።»

«እኔስ ስንት ሜትር ድረስ እሠራለሁ?»

መልስ አልነበረኝም፤ የሐጂን አቅም የሚገልጽ መመሪያ ከፋብሪካው ጋር አልመጣም። እንደ ባለሙያ ስመሰክር ግን ባለጉዳይን የመሰለ ኬብል ተሠርቶ አያውቅም። ቦይ አይቆፈርለትም፣ ጫፉ ላይ ማያያዣ አይቆነጠጥለትም፣ መብራት ሲጠፋም መረጃውን ይዞ መንቀሳቀሱን አያቋርጥም። ቢበላሽ የሚታከመው በራሱ ወጪ ነው፤ ጫማውንም ራሱ ይገዛል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ይህን ሁሉ ሀብት በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ በራቸው ላይ ተሰልፎ እያገኙ፣ ስለምን ብለው የመዳብ ሽቦ ይገዛሉ?

ለውስጥ ልውውጥ ደግሞ ፍላሽ አለች። በቀኙ ቢሮ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቀይ ክር ታስራ የምትቀመጥ፣ በጀርባዋ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «ከቢሮ እንዳትወጣ» የተጻፈባት ፍላሽ ናት፤ ሥራዋ ግን ከቢሮ መውጣት ብቻ ነው። የሚያወጣት ሰው ይፈርማል፣ የሚረከባት ይፈርማል፣ ስትመለስ ሁለቱም ይፈርማሉ። በአንደኛው ኮምፒውተር ተሰክታ በተሸከመችው ቫይረስ ፎልደሮቹን ሁሉ ሾርትከት አድርጋ ትወጣና በሌላኛው ተሰክታ ያንኑ ትደግማለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ፣ ከኢንተርኔት ጨርሶ ተነጥለው የተቀመጡ ኮምፒውተሮች ዘንድ እንኳ በፍላሽ መድረስ እንደሚቻል ለዓለም አሳይቷል። እኛ ግቢ ይህ ትምህርት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በተግባር ይከለሳል። ኬላዎቹ በሚያኮራ ንቃት በሩን ሲጠብቁ ቫይረሱ በቀይ ክር ታስሮ፣ ተፈርሞበትና ቀን ተጽፎበት በመስኮት ይገባል።

አስቸኳይ የተባለ ነገር ሲመጣ በቴሌግራም ይላካል። ደሴና አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ያንን ርቀት በ2 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ፋይሉ ከግቢው ወጥቶ፣ ከሀገር ተሻግሮ፣ ባዕድ ሰርቨር ላይ አርፎ፣ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ባሕር ዛፉ ማዶ ሲደርስ ሐጂ ገና የቢሮውን ደረጃ አልወረዱም። ታዲያ የሐጂም ጉዳይ በዚሁ አይላክም ወይ ለሚለኝ የዋህ አንባቢ መልሱ አጭር ነው፤ ቴሌግራም ማህተም የለውም።

በዚሁ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ «አይጠየፍ» የተባለ አዳራሽ አለ። ስሙ እንደሚለው መጪውን ሁሉ ሳይጠየፍ እንዲያስተናግድ የተሠራ ነው። ንጉሡ የኔትወርክ ደህንነት ጉዳይ ያልገባቸው ሰው መሆን አለባቸው፤ ቢገባቸው ኖሮ ሁለት አዳራሽ አሠርተው፣ በሁለቱም በር ላይ በረኛ አቁመው፣ ወጡን በአንዱ እንጀራውን በሌላው ያቀርቡ ነበር።

የመለያየቱን ያህል ደግሞ የአሳብ አንድነታቸው ይደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ መሠረት ለውስጥ ኔትወርክ የተለቀቁት የአይፒ አድራሻዎች፣ ማለትም በኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚጠራባቸው ቁጥሮች፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ሁሉ መካከል ሳይነጋገሩ ያንኑ 192.168.1 የሚል ሰፈር መርጠዋል፤ ዕቃው ከካርቶን ሲወጣ ይዞት የመጣው እሱን ነበርና። በዚህም ምክንያት የቀኙ ቢሮ ፕሪንተር 192.168.1.10 ነው፤ የግራው ቢሮ ፕሪንተርም 192.168.1.10 ነው። በአንድ ሰፈር ሁለት ሰይድ መኖሩ በወሎ ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን ፖስታ አድራሹ አንድ ሲሆን ጭንቅ ነው።

ጭንቁ የታየው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ፋየርዎሎች ሳያውቁ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ መላላኩ ሰልችቶት የራሱን ስዊች ከጎረቤቱ ስዊች ጋር በመስኮት በተወረወረ ኬብል አገናኘ። በደቂቃዎች ውስጥ ለኮምፒውተሮቹ አይፒ አድራሻ የሚያድሉት ዕቃዎች ሁለት ሆኑ፤ አንዱ ኮምፒውተር ከራሱ ቢሮ፣ ሌላው ከጎረቤት አድራሻ ይቀበል ጀመር፤ ሁለቱም መውጫ በሮች 192.168.1.1 ስለሆኑ ማን በየት እንደሚወጣ ጠፋ፤ ኢንተርኔት በሁለቱም ቤት ቆመ። በዚህ ትርምስ መካከል የቀኙ ቢሮ ኃላፊ ለአንድ ሠራተኛቸው የጻፉት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከግራው ቢሮ ፕሪንተር ላይ ሞቅ እንዳለ ወጣ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያ ደብዳቤ ባለጉዳይ ሳይሸከመው ከቢሮ ወደ ቢሮ የተሻገረ የመጀመሪያው ሰነድ ነው። ተነብቦም ነበር፤ በብዙ ሰው።

ወጣቱ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው መሆኑ ታመነ፣ ኬብሉ ተነቀለ፣ «መገናኘት አደጋ ነው» የሚለው የቆየ ጥርጣሬም በማስረጃ ተደገፈ። ኬብሉ አልነበረም ጥፋተኛው፤ ኬላ አልባው አቋራጭ ነበር ብዬ ለማስረዳት ብሞክርም ሰሚ አላገኘሁም።

የሚያሳፍረው የመፍትሔው ቀላልነት ነው፤ ይህን ያህል የተከበረ ችግር በዚህ በማይረባ ነገር ሲፈታ ማየት ይከብዳል። ከሁለቱ ቢሮዎች አንዱ የአድራሻ ሰፈሩን ይቀይራል። በሁለቱ ፋየርዎሎች ጀርባ ላይ ከተገዙ ጀምሮ ባዶ የተቀመጡ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱን አንድ ኬብል ያገናኛቸዋል። ለዚያች ኬብል ብቻ ሁለት ጥቅም ላይ የሚውሉ አድራሻዎች ያሏት ጠባብ ሰፈር ትከለላለች። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፋየርዎል «ወደ ጎረቤት የሚሄድ በዚህ በር ይውጣ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍለታል። ኬላዎቹ አይፈርሱም፤ እንዲያውም ሥራ ያገኛሉ። የክሊራንስ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ወደ ክፍያው ሰርቨር፣ በአንድ በር፣ ለማየት ብቻ ይለፍ፤ የቀረው ሁሉ ይመለስ ተብለው ይታዘዛሉ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መሄጃና መመለሻው በአንድ መንገድ መሆኑን ነው፤ ፋየርዎል ሲገባ ያላየውን ሰው ሲወጣ እንደማያስወጣ ጥበቃ ስለሆነ፣ በሌላ በኩል ዞሮ የመጣበትን መልስ አላውቅህም ብሎ ይጥለዋል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቡና ከነሦስተኛው ተጠጥቶበት።

ይህን ለጋራ ኮሚቴው አቀረብኩ። አንደኛው ወገን «የእነሱ ቫይረስ ቢመጣብንስ?» አለ፤ በቀይ ክር የታሰረችው ፍላሽ በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሌላኛው ወገን ኬብሉ በግቢው መሐል ሲያልፍ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ በቅድሚያ ይታወቅ አለ። አንድ ሥልጠና ወስደው የመጡ አባል ደግሞ በኢንተርኔት በኩል ቪፒኤን ይዘርጋ አሉ፤ መረጃው ተመስጥሮ ከግቢው ወጥቶ፣ ከተማውን ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ግቢው ይግባ ማለታቸው ነው። በእርግጥ ይሠራል፤ የኢንተርኔት መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ግን ሐጂ ወደ አገልግሎት ይመለሳሉ። ሐሳቡ በጭብጨባ ታለፈ፤ በቃለ ጉባኤም «በሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሚታይ» ተብሎ ተመዘገበ።

ለኔ ሐሳብም በሩ አልተዘጋም። ዋጋውን በፕሮፎርማ እንዳቀርብ ተነገረኝና በቀኙ ቢሮ አቀረብኩ። «ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም ቢሮ ስለሚመለከት የእነሱን አስተያየት ጽሑፍ አያይዘህ አምጣ» አሉኝ። ሶፍት ኮፒውንም ጫኑልኝና መረከቢያ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ቀዩን ክር እጄ ላይ ጠምጥሜ፣ ፍላሿን ኪሴ ከትቼ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ስደርስ ሐጂ ከወዲያ እየመጡ ተገናኘን፤ መንገዱ ጠባብ ነበርና ጎን ሰጥቼ አሳለፍኳቸው።