ምጣድ ላይ የወጣ ሳንድዊች

የሳንድዊች ታሪክ የሚጀምረው "እንብላ" ማለት ከማያውቅ ሰው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ሞንታጉ የሚባሉ እንግሊዛዊ ባላባት፣ አራተኛው የሳንድዊች ኧርል (ሳንድዊች የከተማ ስም ነው፣ ኧርል ደግሞ የመኳንንት ማዕረግ)፣ ከቁማር ጠረጴዛ ላለመነሳት ብለው "ሥጋውን በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሀል አድርጋችሁ አምጡልኝ" አሉ ይባላል። ስማቸው እንዳይጎድፍ የሚከራከሩላቸው ደግሞ፣ የለም፣ ሰውየው የባሕር ኃይሉ የበላይ ሹም ነበሩ፣ የተቀመጡትም ከመዝገብና ከወረቀት ጋር ነው ይላሉ። ለእኛ ጉዳይ ያው ነው። በአንድ እጃቸው ካርታም ያዙ ብዕር፣ በሌላው እየገመጡ አጠገባቸው ላለው ሰው "ቅረብ እንጂ" አላሉም። ይህ ምግብ ሰው ሳይጠሩ፣ እጅ ሳይታጠቡ፣ ቀና ሳይሉ እንዲበላ የተሠራ ነው። እንግዲህ ይህንን ነው እኛ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አማቴ ባሉበት ቤት ለመሥራት የተነሳነው።

ነገሩን ቤታችን ያስገባችው ልጄ ናት። ትምህርት ቤት አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ሃም፣ እንቁላልና ቺዝ ያለበት፣ ግራና ቀኙ ቡናማ ሆኖ የተጠበሰ ሳንድዊች ይወጣል። የእኛዋ ስትከፍት ፍርፍር ነው። የዘንድሮ ወላጅ የሚመዘነው ደግሞ ምሳ ዕቃ ክዳን ሥር ባለው ነገር ነው፤ ደመወዙን ማንም አያየውም፣ ምሳ ዕቃውን ግን ክፍሉ በሙሉ ያየዋል። ካፌ ወስዶ ማብላትም ይቻል ነበር። ካፌው ግን የሚያስከፍለው ለዳቦው ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ለተደረደረው ቺፕስና መሀሉ ላይ ለተሰካችው ስቴኪኒ ጭምር ነው። እቤት ይሠራ ተባለ።

መጀመሪያ ሃም ፍለጋ ወጣን። ሃም በትውልዱ የአሳማ የኋላ እግር ነው፤ በጨው የተቀመመ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ አሳማ ሰኮናው ስንጥቅ ቢሆንም ስለማያመሰኳ አትብሉ ተብሏል፤ አማቴ ምዕራፉን በቃላቸው ያውቁታል። ስለዚህ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ሻጩን ጥግ ይዘን መመርመር ነበረብን።

"ይሄ የምንድን ነው?"

"የበሬ ነው ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጋሼ፣ የበሬ ሥዕል አለው እኮ!"

አማቴ በሥዕል የሚታለሉ ሴት አይደሉም። ማሸጊያውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አውጥተው በሬውን ትክ ብለው አዩት፤ ቀንዱን ካረጋገጡ በኋላ ነው ወደ ቅርጫቱ እንዲገባ የፈቀዱት። ያገራችን ነገር ሲገርም፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችንም እሽጉን ሲያዩ የጠየቁት ያንኑ ጥያቄ ነው። ስለ አሳማው ሁለቱ እናቶች ፍጹም ተስማሙ። አለመግባባቱ የመጣው በሬው ላይ ነው። ማን አረደው? የማን ስም ተጠራበት? እዚህ ላይ የፋብሪካው ማሸጊያ ዝም አለ፤ የሥጋውን የስብ መጠን በፐርሰንት የጻፈ ፋብሪካ ዋናውን ጉዳይ ሳይጽፍ ቀረ። ጎረቤታችን "ለእኔ በእንቁላልና በቺዝ ብቻ አድርጉልኝ" ብለው አገላገሉን።

ቀጥሎ የመጣው የቀን ጉዳይ ነው። ሃም፣ እንቁላል፣ ቺዝ፣ ከላይ የሚቀባው ቅቤ፤ አራት ፍስክ በሁለት ዳቦ መሀል። በእኛ ቤት ደግሞ ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም አለ፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ፤ ሁሉም ሲደመር ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። እሽጉ ላይ "ከተከፈተ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ ይጠቀሙ" ይላል። ጻፊው ጾም የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ማክሰኞ የከፈትከው ሃም ረቡዕ ፍሪጅ ውስጥ ያይሃል፣ ሐሙስ ከበላህ በላህ፣ ዓርብ ቀኑ ያልቅበታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ ጠበል ተቀምሶ፣ እሑድ ረፋድ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ምሳ ዕቃው በዚሁ ተረሳ፤ ልጄም አልተቃወመችም።

አሠራሩን ለሚፈልግ ሰው እውነቱን ልናገር፤ ከባድ አይደለም። የአንድ ቀን ስላይስ ዳቦ ከትኩሱ ይሻላል፤ ትኩሱ እርጥበቱ ስላልወጣለት ይላሽቃል። ቅቤው የሚቀባው ከውጭ በኩል ነው፣ ስስ ተደርጎ። ቺዙ ከላይም ከታችም ዳቦውን መንካት አለበት፤ ሲቀልጥ የሚያጣብቀው እሱ ነውና። እንቁላሉ ለብቻው አስቀድሞ ይጠበስና መሀል ይገባል። እሳቱ ዝግ ይላል፣ ክዳን ይደረግበታል። የሚቸኩል ሰው እሳቱን ከፍ አድርጎ ዳቦውን ያከስለዋል፤ ቺዙ ግን እንደ ጠዋቱ ደርቆ ይጠብቀዋል። ያልተጻፈው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ አይቁም።

በእኛ ወጥ ቤት ስንት ሰው እንደቆመ አልቆጠርኩም። ባለቤቴ እንቁላሉን ስትመታ እህቷ ገብታ ሽንኩርት ጨመረችበት። ቃሪያ የሌለው እንቁላል የበሽተኛ ነው የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ፤ ቃሪያ ገባ። ማን እንደሆነ እስከዛሬ ያልታወቀ ሰው ደግሞ ቲማቲም ከተተ። ቲማቲም ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ዳቦ ቡናማ የሚሆነው ከዚያ በላይ ነው። የረጠበ ዳቦ ስለዚህ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ይህንን ለእህቷ በሳይንስ ሳስረዳት በትዕግሥት ሰማችኝና "ጨው ትንሽ ያንሰዋል" አለች።

በቅቤው ጉዳይ ግን አማቴ አሸነፉ፤ ደግሞም ልክ ነበሩ። የገበታ ቅቤ ውስጥ ውኃና የወተት ዝቃጭ ስላለ ቶሎ ያርራል። እሳቸው ያመጡት በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ነው፤ ዝቃጩ ሲነጠር ወጥቷል፣ እሳት ይችላል። ዳቦው ላይ ሲቀባ ቤቱ ዶሮ ወጥ የወጣበት መሰለ። እንግሊዛዊው ኧርል ይህን ቢያሸቱ ኖሮ ከጠረጴዛው ይነሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መጥበሻው ግን የት አለ? ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የሳንድዊች ማሽን ነበረን፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ቡፌ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጦ የኖረ። የባለቤቴ ወንድም አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሰካው። የአሜሪካ ዕቃ የሚጠብቀው ከ110 እስከ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን የማሞቂያው ሽቦ ሙቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። ማሽኑ በሕይወቱ እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም፤ ለአፍታ ቀላ፣ ጨሰ፣ የቤቱንም መብራት ይዞ ሄደ። ወንድሟ ለረጅም ጊዜ ካየው በኋላ "የቻይና ነው" ብሎ ፈረደበት።

የቆጣሪው ማብሪያ ሲመለስ የቀረን ምጣድ ነው። አማቴ የእንጀራ ምጣዳቸውን አልሰጡም። በጎመን ዘር ስንት ዘመን ያሟሹትን ምጣድ ቺዝ ይንጠባጠብበት? እንጀራው ይያዝ? አይሆንም። ከአልጋ ሥር አሮጌው የዳቦ ምጣድ ከነአክንባሎው ወጣ። እውነት ለመናገር ለዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ ዕቃ የለም፤ ሙቀቱ እኩል ይደርሳል፣ አክንባሎው እንፋሎቱን አፍኖ ቺዙን ያቀልጠዋል። ጣጣው ስፋቱ ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ሳንድዊች ስትቀመጥ አማቴ አዩዋትና አፈሩ። "ለአንድ ዳቦ ምጣድ ይጣዳል? ሰው ምን ይለናል?" አሉ። ምጣዱ ይሙላ ተባለ። ሲሞላ ደግሞ ከቤተሰቡ በላይ ሆነ። ከቤተሰብ በላይ ሲሆን ጎረቤት ይጠራል፤ ሕፃን ልጅ ተላከ፣ ደረጃው በጫማ ድምፅ ተሞላ፣ ሰው ከመጣ ደግሞ ቡና ሳይፈላ አይሆንም፤ ቡና ከተፈላ ፈንድሻ።

አበላሉን ማየት ነበረባችሁ። ሳንድዊች በጉርሻ አይሆንም የሚል ካለ እኛ ቤት ይምጣ። አማቴ የልጄን ሳንድዊች ከሁለት ገምሰው ግማሹን ወደ አፌ ሲያመጡት ቺዙ አልበጠስ ብሎ ከልጄ ሳህን እስከ አገጬ ተዘረጋ፤ መሀል ላይ የተቀመጡት የ4ኛ ፎቅ ሰውዬ ክሩን በጣታቸው በጥሰው "እሷም ለእኔ ናት" አሉ። "ጠግቤያለሁ" ያለ ሁሉ "በሞቴ" ተባለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ልጄ ሙሉ ሳንድዊች በእጇ ይዛ አልታየችም፤ የበላችው የሁሉንም ሰው ጫፍ ጫፍ ነው። ለጎረቤታችን ሃም የሌለው ለብቻ በሌላ ሳህን ቀረበላቸው፣ ጣመኝ ብለው ሌላ ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳንድዊቻቸውን ከፍተው ውስጡን ከመረመሩ በኋላ በትሕትና "እንጀራ አይጠፋም መቼም?" አሉ። አልጠፋም።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሚቀጥለው እሑድ የማን ተራ እንደሆነ ክርክር ተነሣ። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ይሁን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቋረጥ፣ ምጣዱ ከባለተራ ወደ ባለተራ ይዙር ተባለ። የ4ኛ ፎቁ ሰውዬ በአንድ ድምፅ ጸሐፊ ሆነው ተመርጠው ከልጄ ደብተር ገጽ ቀደው ስም መዘገቡ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል አንድ እሽግ ሃም ይቀጣል፤ የበሬ፣ ሥዕል ያለበት። ጎረቤታችን ከቀሩ ግን ቅጣታቸው ቺዝ ነው።