ጅቡ የገባው በበሩ ነው

ባለፈው ክረምት መንዝ አክስቴ ቤት አድሬ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሻው ጮኸ። ዝናብ ነበርና ማንም አልወጣም። ሲነጋ ጉረኖው ውስጥ ሁለት በግ የለም። ሦስተኛዋ ታፋዋ ተቦጭቆ ጥግ ይዛ ቆማለች።

አጥሩን ዞርኩት። ጥሩ የድንጋይ ካብ ነው፤ ከላይ እሾህ ተደርቦበታል፤ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ነገሩ የገባኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው። በር የሚባለው በጠፍር የተሳሰረ አጣና ነው። ከሥሩ ጭቃው ተምሶ ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል። የአጣናው ጫፍ ላይ ነጭ የበግ ጸጉር ተይዞ ቀርቷል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ቡናው ሳይፈላ ፍርዱ ወጣ፦ "መርዝ ነው እንጂ ሌላ አያዋጣም።" ሰዎቹ ላይ አልፈርድም። መንዝ ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤቱን ይዞ የሚቆየው በግ ነው። ተሸጦ እህል ይገዛበታል፤ ጸጉሩ ባና ይሆናል። ሁለት በግ ማጣት ከባድ ነው።

መርዙን ግን ጅብ ብቻ አይበላውም። የገዛ ውሻችን ይበላዋል። ጥንብ አንሳም ይበላዋል፤ በአፍሪካ ጥንብ አንሳን ከሚጨርሱት ዋና ነገሮች አንዱ የተመረዘ ሥጋ ነው። መንዝ ደግሞ ጓሳ የሚባል የተጠበቀ የዱር አራዊት ሥፍራ አለ፤ ጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 እንኳ አይሞላም፤ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ይነካ ይሆናል፤ ቀለቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። በጅብ ዕዳ እሱ ለምን ይሞታል?

ጅቡንስ ማን ጠራው? አህያ ሲሞት ጎትተን የምንጥለው ከመንደሩ ጀርባ ነው። ትግራይ ውስጥ ተመራማሪዎች በጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ጸጉር መርምረው ነበር። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሥጋ በማይበላበት በዐቢይ ጾም፣ የከብት ትራፊ ሲጠፋ፣ ጅቡ ወደ አህያ ዞሯል። የጾም ወራታችንን ሳይቀር የሚከተል አውሬ ነው። ስለዚህ የሞተ ከብት መቅበሪያ ቦታ በየቀበሌው መኖር አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኬንያ ውስጥ ሪቻርድ ቱሬሬ የሚባል የማሳይ ልጅ ነበር። ቤታቸው ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ነው፤ አንበሳ ከብታቸውን ይጨርስባቸዋል። እሳት ሞከረ፣ አልሆነም። የሰው ምስል አቆመ፣ አንበሶቹ ለመዱት። አንድ ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዞ ሲንቀሳቀስ አንበሶቹ እንደሚሸሹ አየ። ከዚያ የመኪና ባትሪ፣ የሞተር ሳይክል ፍሬቻና ትንንሽ አምፖሎች አገናኝቶ በረቱ ዙሪያ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሠራ። ያኔ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። እኔን የገረመኝ መብራቱ ብቻ አይደለም። ልጁ አውሬውን ከመግደል ይልቅ የሚፈራውን ነገር አጥንቶ ደረሰበት።

እኛም ጋ እንደዚያ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ማዳበሪያ ሲመጣ ቤት ለቤት የሚዞር የልማት ሠራተኛ አለ። ጉረኖውንም ገብቶ ይይ። በሩ ከሥር ይቆፈራል? ውሻው የታሰረው ደጅ ነው ወይስ በጎቹ ጋ? የአክስቴ ውሻ ደጅ ነበር፤ ጉረኖው ጓሮ ነው። ውሻውም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ ባሌ ውስጥ ብዙ ቀይ ቀበሮ የጨረሰው ከውሻ የተጋባ በሽታ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር ደግሞ ለአቅመ ደካማ በዱቤ ይቅረብ።

በማግስቱ ከአጎቴ ልጅ ጋር የበሩን ደፍ እስከ ጉልበት ቆፍረን ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀበርንበት። ከቤት ክዳን የተረፈ ቆርቆሮ አጣናው ላይ መታን። ማጠፊያ ስላልነበረ በሽቦ አሰርነው። ውሻውም ወደ ጓሮ ዞረ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወሉ። "በጎቹ ደህና ናቸው፤ ያቺም ታፋዋ ድኗል" አሉኝ። "ሽቦው ግን ዝጓል። ስትመጣ ማጠፊያ ይዘህልኝ ና።"