ለነፍስ የተሰጠች ማርቸዲስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከቤታችን በር ላይ አንዲት ጥቁር ማርቸዲስ ተኝታ ነበር። ቆማ አላልኩም። ተኝታ። ማርቸዲስ ኤስ 550 ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ይቺ መኪና እንደ ሌላው መኪና በብረት ሞላ አይደለም የምትቆመው፤ አየር ነው የሚሸከማት። አየሩ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ማታ ኮራ ብላ ያቆማችኋትን መኪና ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክካ ታገኟታላችሁ። ሞተሩን ስታስነሱት ኮምፕረሰሩ እያቃሰተ ቀስ በቀስ ያነሳታል።

ባለቤቴ በየጠዋቱ በመስኮት እያየች፣ «እሷ እንኳ ካንተ ይልቅ ትሰግዳለች» ትለኝ ነበር።

የገዛኋት በ2014 ነው፣ በፈረንጆቹ። የ2007 ሞዴል። አዲስ ስትወጣ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ የነበረች መኪና በ19 ሺህ ሲሏችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ «ስጡኝ» አልኩ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። መኪናዋ ወደ 19 ሺህ ስትወርድ መለዋወጫዋ አብሯት አልወረደም። እሱ አሁንም የባለ 80 ሺህ መኪና ዕቃ ነው።

አልዋሽም፣ ክብርም አይተንባታል። አራት ሙሽራ ይዛለች። ሠርግ ባለበት ቅዳሜ ስልኬ የሚጠራው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር። ሪባን ያስሩባታል፣ አበባ ይለጥፉባታል፣ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ከኋላ ትገባለች፣ እኔ ከረባቴን አስተካክዬ እነዳለሁ። አራተኛው ሠርግ ላይ ግን ነገር ተበላሸ። ፓርክ ውስጥ ፎቶው አንድ ሰዓት አለፈው። አልበሙን ገልጣችሁ ብታዩት፣ በመጀመሪያው ፎቶ ሙሽራው ክርኑን ጣሪያዋ ላይ አስደግፎ ፈገግ ብሏል። በመጨረሻው ፎቶ ክርኑ ከመኪናዋ ጋር ወርዶ ሰውዬው ወገቡን ያመመው መስሏል።

መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን ጠረገ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? አራት ሺህ ሁለት መቶ። እሱም ሌላ ነገር ካልተገኘ ነው።»

ልሽጣት አልኩ። ማን ይገዛል? የእኛ ሰው የሚያምነው ካምሪና ኮሮላ ነው። የመጣውም ሰው ዞር ዞር ብሎ አይቷት፣ «ለምንድነው እንዲህ ዝቅ ያለችው?» ይላል። «ስፖርት ሞድ ላይ ሆና ነው» ያልኩት አንዱን ብቻ ነው። አልገዛም። ቢገዛም ሜሪላንድ ውስጥ በስሙ ለማዞር የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለባት፤ ተንበርክካ የምታድር መኪና ደግሞ ምርመራ አታልፍም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ «እዚህ ብትሆን እኮ ሚሊዮን ታወጣ ነበር!» ይለኛል። እዚያ እንዳልልካት መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ከማርቸዲሷ ኤሌክትሪክ የሆነው መስኮቷ ብቻ ነው።

ጽድቅ ትዝ ያለኝ እንግዲህ ይሄኔ ነው። ሰው መውጫ ሲያጣ ለጋስ ይሆናል።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ቤተ ክርስቲያናችንን ነው። ከቅዳሴ በኋላ የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠጋ ብዬ፣ «አንዲት ማርቸዲስ ለደብሩ ልስጥ ብዬ ነበር» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «ትነዳለች?» አሉኝ። «ትነሳለች» አልኩ። ሰብሳቢው ዝም ብለው ክንዴን ያዙና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እዚያ አንድ ነጭ ቫን ቆሟል። ጎማው መሬት ውስጥ ገብቷል፣ በመከላከያው በኩል ሣር በቅሏል። «ይሄንንም የሰጠን እንዳንተ ያለ ደግ ሰው ነው» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልን ልጄ። አንተ ጧፍ አምጣልን።»

ስለዚህ ፈረንጆቹ ጋ ደወልኩ። እዚህ አገር መኪና የሚቀበሉ የእርዳታ ድርጅቶች ሞልተዋል። ማስታወቂያቸውም ልብ ይነካል፦ መኪናዎን ይስጡን፣ በነጻ መጥተን እንወስዳለን፣ ከታክስ ያስቀንሱ። ስልኩን ላነሳችው ልጅ ስለ ቆዳ ወንበሯ፣ ስለ ድምፅ ማጉያዋ፣ ስለ ሠርጎቹ ነገርኳት። ልጅቷ ያስጨነቃት ሌላ ነው። ታይትል አለህ? ቁልፍ አለህ? ጎታች መኪና መግባት ይችላል? በቃ። የእኛ ሰው ለልጁ ሚስት ሲጠይቅ እንኳ ከዚህ በላይ ይጠየቃል።

በሦስተኛው ቀን ጎታቹ መጣ። ታይትሉን፣ የአገር ቤቱን ሊብሬ በሉት፣ ፈርሜ ሰጠሁ። ታርጋውን ፈታሁ፤ እዚህ ስቴት ታርጋ ሳትመልሱ ኢንሹራንስ ካቋረጣችሁ ቅጣቱ ይከተላል። ከመስታወቷ ላይ መስቀሉን አወረድኩ። ከኋላ ኮፈኗ ውስጥ ጃንጥላና አንድ እግር የልጅ ጫማ አወጣሁ። ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ማርቸዲሷ ለመጨረሻ ጊዜ አቃስታ ተነሳችና ጎታቹ ላይ ወጣች። ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እኔ ግን ወሬውን ተያያዝኩት። ማኅበር ላይ ቡና ሲፈላ፣ በጨዋ ደንብ፣ ሌላ ነገር የማወራ መስዬ ጣል አደረግኩት። «ያቺን መኪናዬን ለችግረኛ ልጆች ሰጠኋት እኮ።»

«ማርቸዲሷን?!»

«ምን ይደረግ፣ ሁሉም ቀሪ ነው።»

አንዲት እማማ ተነስተው መረቁኝ። ትቆማለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። በሳምንቱ ወሬው ካፌ ለካፌ ዞሮ ወደ እኔ ሲመለስ መኪናዋ አዲስ ሆና፣ እኔም ሀብታም ሆኜ ነው። ከዚያ ስልኩ ተጀመረ። የኳስ ቡድኑ ማሊያ ያሠራል። የሠፈር ልጆች ማኅበር ትምህርት ቤት ያሳድሳል። አንዱ ደግሞ የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ላይ «የክብር ጠረጴዛ» እንዳዘጋጁልኝ አበሰረኝ፤ አምስት መቶ ዶላር። አሁን የለኝም ብል፣ «ኧረ ተው ጋሼ! ማርቸዲስ የሚሰጥ ሰው?» አለኝ። ምን ልበለው? ተኝታ ነበር ልበል? ከፈልኩ። እራቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ብቻ ታክስ አለ ብዬ ተጽናናሁ። ጥር ላይ ወረቀቶቼን ይዤ ታክስ የሚሠራልኝ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ከድርጅቱ የመጣውን ፎርም 1098-ሲ አየና መነጽሩን አወለቀ።

«ስንት ይቀነስልኛል ብለህ ነው?»

«ገበያው ስድስት ሺህ ይላል።»

«እሱ ድሮ ቀረ። ሰው ሬሳ መኪና እየሰጠ የደህናውን ዋጋ ሲጽፍ ጊዜ ኮንግረስ በ2004 ሕግ አወጣ። ከ2005 ጀምሮ፣ ድርጅቱ ራሱ ካልተጠቀመባት ወይ ካላደሳት ወይ ለችግረኛ ካልሰጣት፣ የምትጽፈው ጨረታ ላይ የተሸጠችበትን ነው። ከአምስት መቶ በላይ ከሆነ ማለቴ ነው።»

«ስንት ተሸጠች?»

«ሰባት መቶ ሃያ አምስት።»

ከአራቱ ሙሽሮች የአንዷ አበባ ዋጋ ነው።

«እሺ፣ እሱን ቀንስልኝ።»

«እሱንም አልችልም። ለ2024 ባልና ሚስት ዝም ብለው የሚቀነስላቸው 29,200 ዶላር ነው። ያንተ የቤት ወለድና አሥራት፣ ማርቸዲሷም ተጨምራ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ የሚሻልህ እሱን መውሰድ ነው። በል እንግዲህ፣ መኪናዋ ለነፍስህ ናት።»

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ቢያንስ የእኔ ላም ማርቸዲስ ናት።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። መጋቢት ላይ ባለቤቴ የመንገድ ክፍያ ሂሳብ ወረቀት ይዛ መጣች። «ደላዌር ምን ልታደርግ ሄድክ?» አለችኝ። እኔ ደላዌር ከሄድኩ ዓመት አልፎኛል። ወረቀቱን ብናገላብጠው የባልቲሞር ዋሻ፣ ደላዌር፣ የኒው ጀርሲ ተርንፓይክ። መስቀሉን፣ ጃንጥላውንና ጫማውን ስሰበስብ የፊት መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን ኢዚ ፓስ፣ የመንገድ ክፍያን በራሱ ከሂሳቤ የሚቆርጠውን ዕቃ፣ ረስቼው ኖሯል።

በጨረታ የገዛት ሰው አሠርቷታል ማለት ነው። እኔ ጋ ሆና ከቤት እስከ ሱፐርማርኬቱ፣ እስከ ሳፍዌይ፣ መድረስ አቅቷት የነበረች መኪና ተነስታ ኒው ጀርሲ ገባች። መንገዷን ደግሞ እኔ እከፍላለሁ።

ደውዬ ላዘጋው ስልኩን አንስቼ ነበር። የሚያስጠብቀው ሙዚቃ ረዘመና ዘጋሁት። በማግስቱም እንደዚሁ። አሁን ማታ ማታ ራት ከበላን በኋላ ስልኬን ከፍቼ ሂሳቡን ማየት ለምዶብኛል፤ ባለቤቴም ሰሃን እያጠበች ከወጥ ቤት ትጠይቀኛለች።

«ዛሬስ የት ደረሰች?»